ከረመጥ የወጣ ቢጫ ፈርጥ

ሰበታ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ መስኮቷ ከበሯ የሚሰፋ አንዲት ክፍል ነበረች። መስኮቱን ያሰፋችው ተረፈች ናት። ባሏ ዳኜ አንጥረኛ ነው፤ ብርም ወርቅም ይሠራል፤ ለሥራው ደግሞ ጨለማ ይፈልጋል። ወርቅ እሳት ውስጥ መቼ እንደደረሰ የሚታወቀው በቀለሙ ስለሆነ፣ ፀሐይ ከገባች ዓይኑ ይታለላል። ተረፈች ግን ፈርጥ መራጭ ናት። ድንጋይ ያለ ፀሐይ ምኑ ይታያል? ስለዚህ ክፍሏን ለሁለት ተካፈሏት። በስተጓዳ ያለው የዳኜ ሌሊት፣ በስተመንገድ ያለው የተረፈች ቀን ሆነ፤ በመካከሉ አንድ ጆንያ ተንጠለጠለ። በ1958 ዓ.ም. ሰበታ ላይ ባለፈርጥ ቀለበት ያደረገች ሴት ካለች፣ ቀለበቷ በዚያ ጆንያ ሥር ከሌሊት ወደ ቀን ተሻግሮ ነው የመጣላት።

ተረፈች የቡራዩ ልጅ ናት። አባቷ ከገፈርሳ ውሃ ማዶ ያርሱ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይኗ ከመሬት አይነሳም። እኩዮቿ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ፣ እሷ እንስራዋን አጉድላ መቀነቷን በጠጠር ሞልታ ትመለሳለች። እናቷ ጠጠሩን አጥር ሥር ይደፉታል፤ በማግስቱ መቀነቱ እንደገና ሞልቶ ይገኛል። ድንጋይ ሲረጥብ የተደበቀ ቀለሙ እንደሚወጣ ያወቀችው ያኔ ነው። ውሃ ዳር ከሆነች ታጠልቀዋለች፤ ውሃ ከሌለ ትልሰዋለች። ይህ ልማድ ካደገች በኋላም አልተዋትም። ከሩቅ አገር ድንጋይ ይዘውላት የሚመጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት እስክትልሰው ይጠብቃሉ፤ አንዱማ ጨው ይዞላት ይምጣ እንደሆን ጠይቋት ያውቃል።

አንጥረኛ ላግባ ስትል ዘመድ አዝማዱ ተንጫጫ። በዚያ ዘመን ሰው አንጥረኛን እጁን እየፈለገ ዓይኑን ይፈራ ነበር። አባቷ ሁለት ዓመት አኮረፏት። አክስቶቿ ተራ በተራ እየመጡ የዳኜን ዓይን ትፈራው እንደሆነ ጠየቋት። እሷ ግን ዓይኑስ ደህና ነው፣ የማይሰማኝ ጆሮው ነው እያለች መለሰቻቸው። እውነቷን ነበር። ዳኜ መዶሻውን ካነሳ ሰማይ ቢወድቅ አይሰማም።

አንድ ቀን ዳኜ የወርቅ ሽቦ ሊገዛ ፒያሳ ሲወርድ ተከትላው ሄደች። ሽቦውን የሚሸጥላቸው ሽማግሌ አርመን አንጥረኛ ድንጋይ ወዳድነቷን ያውቅ ነበርና፣ ከውጭ አገር መጽሔት አንድ ገጽ ቀድዶ ሰጣት። ገጹ ላይ የአልማዝ ቀለበቶች ነበሩ። ተረፈች እስከዚያ ቀን ድረስ አልማዝ ማለት የጠራ ውሃ የመሰለ ነገር ብቻ ይመስላት ነበር። እዚህ ግን አንዱ ጽጌረዳ፣ አንዱ ደም፣ አንዱ የንጋት ሰማይ፣ አንዱ የበቀለ ሣር፣ አንዱ የመስከረም አደይ ሆነው ተደርድረዋል። አልማዝ እንደዚህ መሆን ይችላል? ሽማግሌው እየሳቀ አስረዳት። ባለቀለም አልማዝ ከስንት ሺህ አንድ ነው የሚገኘው፤ የአንዷ ዋጋ ሰበታን ከነከብቷ ይገዛል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይተክዝ ነበር። ተረፈች ግን ገጹን በሊጥ ከመስኮቷ አጠገብ ለጠፈችና ለእያንዳንዱ ቀለም የድሃ ዘመድ ትፈልግለት ጀመር። ለቀዩ አልማዝ ከደቡብ የሚመጣ ጋርኔት አገኘችለት፤ ተቀርፆ ሲወለወል ሮማን ፍሬ ይመስላል። ለአረንጓዴው በቦረና በኩል የሚለቀም የወይራ ቅጠል የመሰለ ድንጋይ፣ ለጽጌረዳው ደግሞ ደብዘዝ ያለ፣ ጉም የገባበት የሚመስል ድንጋይ አገኘች። ለሰማያዊው ብዙ ደከመችና በመጨረሻ ያገኘችው የተሰበረ የመድኃኒት ጠርሙስ ሆነ። ቀርፃ ወለወለችው፤ ያምራል። ለገዢ ስታሳይ ግን የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ጠርሙስ ነው የሚል ነበር።

ሕጓ ይኼ ነው፤ የድንጋዩ ስም ከዋጋው ቀድሞ ይነገራል። ከሱሉልታ ቅቤ ይዘው የሚመጡ ነጋዴ ሴቶች ጣታቸውን ዘርግተው እውነተኛ ነው ወይ ይሏታል። እውነተኛ ድንጋይ ነው፣ አልማዝ ግን አይደለም ትላቸዋለች። ዳኜ ከጆንያው ጀርባ ሆኖ ምላሷን ቢያስርላት ይህን ጊዜ ቤታቸው ቆርቆሮ ለብሶ እንደነበር ያጉረመርማል። ሴቶቹ ግን ይስቃሉ፤ ይገዛሉም። ገጹ ላይ ካሉት ቀለሞች ዘመድ ያላገኘችለት ቢጫው ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ ካሳሁን የሚባል ወጣት መምህር ከእጮኛው ከአጸደ ጋር መጣ። አጸደ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ የሚያርሱት የኦቦ ቦጂያ ልጅ ናት። ልጅቷ ትሪው ላይ ካሉት ድንጋዮች ሁሉ አንዲት ወይን ጠጅ ፈርጥ አነሳች። ወደ መስኮቱ ይዛት ሄደች፤ ወዲያ አዞረቻት፣ ወዲህ አዞረቻት። ከዚያም ማንም የማያያት የመሰላት ጊዜ ላስ አደረገቻት። ተረፈች አይታለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጅቷን ወደደቻት። ዳኜ ቀጭን የወርቅ ቀለበት ሠራ፤ ወይን ጠጇ ፈርጥ ገባችበት።

ነገሩ የተበላሸው ጥሎሹ አምስት ቀን ሲቀረው ነው። የአጸደ እናት እህት ወይዘሮ የሺወርቅ አዲስ አበባ የታወቁ ልብስ ሰፊ ናቸው። አጸደን ስድስት ዓመት ቤታቸው አስቀምጠው ያስተማሯት እሳቸው ስለሆኑ፣ በልጅቷ ጉዳይ አባትየው እንኳ ካለሳቸው ቃል አይቆርጡም። ወይዘሮዋ ቀሚስ የሚሰፉላቸው አንዲት ትልቅ እመቤት ጣት ላይ ቢጫ አልማዝ አይተው ኖሯል። ካዩ ወዲያ ሌላ ነገር ዓይናቸው አልገባ አለ። የሙሽራው ቀለበት ወይን ጠጅ ፈርጥ እንዳለው ሲሰሙ መልእክት ላኩ፤ ልጄ ጣት ላይ ቢጫ አልማዝ ካላየሁ ጥሎሻችሁን ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ፣ ልጅቷም ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ትገባለች። ከዚህ መልእክት ጀርባ አንድ ሚስቱ የሞተችበት የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ እንዳለ ሰበታ ሁሉ ያውቃል። ሰውየው ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ነበር።

ካሳሁን ሐሙስ ጠዋት ፊቱ ጠመኔ መስሎ መጣ። ተረፈች ያላትን ሁሉ ዘረገፈችለት፤ ቢጫ ግን የለም። መምህሩ ተስፋ ቆርጦ ያችኑ ወይን ጠጇን ይዞ ሊቀርብ ወሰነ። ቀለበቱ ግን ለአጸደ ጣት ጠበብ ብሎ ነበርና እንዲሰፋለት ትቶት ሄደ። ተረፈች ወዲያው ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ የሐሙስ ገበያ ላይ አንድ ሾፌር ድንጋይ ይዤ እመጣለሁ ብሏት ነበር። ስትወጣ ለዳኜ ፈርጧን አውልቆ እንዲሠራ ነገረችው። ዳኜ መዶሻው እጁ ላይ ነበር።

ዳኜ ጋርኔት ያለበት ቀለበት ሲያሰፋ ፈርጡን አያወልቅም። በእርጥብ ጭቃ ድፍን አድርጎ ይሸፍነውና ቀለበቱን ቆርጦ፣ ትንሽ ወርቅ ጨምሮ፣ ፍም ላይ አስቀምጦ ይበይደዋል። ከዚያ ከነጭቃው ረመጥ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ይተወዋል። ጋርኔት ጠንካራ ነው፤ በዚህ ዘዴ ሃያ ዓመት አንድም አልተበላሸበትም። ወይን ጠጇንም እንደዚያው አደረጋት።

ተረፈች ስትመለስ ቀለበቱ የመስኮቷ ደፍ ላይ ተቀምጧል። በመጀመሪያ የሌላ ሰው መሰላት። ቀጥሎ ዳኜ ሊያሾፍባት ድንጋዩን የለወጠው መሰላት። አንስታ ወደ ፀሐይ አዞረችው። በቀጭኑ የወርቅ ቀለበት ላይ፣ አጸደ የመረጠቻት፣ ጠርዟ ላይ የፀጉር ያህል ጭረት ያለባት ያችው ፈርጥ ተቀምጣለች፤ ማር መስላ፣ ቢጫ ሆና።

መጀመሪያ ተናደደች። ልጅቷ መርጣ፣ ልሳ የወሰደችው ድንጋይ ነበርና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዳኜ ጆንያውን ገልጦ ወጣና ከነጭቃው እንደቀበራት፣ ጭቃውን ሲያራግፍ እንዲህ ሆና እንዳገኛት፣ በዚህም የተነሳ ግማሽ ሰዓት ሙሉ መዶሻ እንዳልነካ ማለላት። የኋለኛው ነገር እንድታምነው አደረጋት። ከዚያ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ወዳለው ገጽ ሄደ። ዘመድ ያጣው ቢጫ! ቀለበቱን ከሥዕሉ አጠገብ አቆመችው። ቢጫው ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ወይን ጠጁ ውስጥ ተኝቶ ሲጠብቅ የኖረ ፀሐይ ነበር።

“ተሬ፣” አለ ዳኜ ቆይቶ፣ “አሁን እኔ ነኝ ወይስ አንቺ የፈርጥ አዋቂ?”

“አንተ ድንጋይ አቃጣይ ነህ፤ አዋቂው እሳቱ ነው።”

በዚያው ምሽት የቀሯትን የወይን ጠጅ ቁርጥራጮች በገል ውስጥ አመድ አልብሰው ሞከሩ። የቸኮሉበት ተሰነጠቀ። ቀስ ብሎ የጋለውና ቀስ ብሎ የበረደው ቢጫ ሆነ። በሦስተኛው ሙከራ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር።

ዓርብ ካሳሁን ቀለበቱን ሲያይ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ቀለሙ ወደ ፊቱ ተመለሰ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር መጣበት፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እትዬ ተረፈች፣ አልማዝ ነው ይበሉልኝ። አንድ ቀን ብቻ።”

“ቢጫ ነው እላለሁ፤ አልማዝ ነው አልልም።”

“ዝም ቢሉስ?”

“ካልተጠየቅሁ ዝም እላለሁ።”

መምህሩ ይህን እንደ ተስፋ ይዞ ሄደ። ወይዘሮ የሺወርቅ ግን ሰሪዋም ጥሎሹ ላይ እንድትገኝ በዚያው ቀን ልከውባት ነበር። ተረፈች ያን ሌሊት ብዙ ተገላበጠች። ልጅቷን ከመምህሩ የሚለያት የእሷ አንዲት ቃል ልትሆን ነው። ስም ከዋጋ ቀድሞ ይነገራል ስትል የኖረችውም እሷው ናት።

ቅዳሜ የኦቦ ቦጂያ ቤት ሞላ። የሙሽራው ወገን ጥሎሹን በትሪ ይዞ ገባ። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አቶ ዓባይነህ የሙሽራው ዋና ሽማግሌ ናቸው፤ ጥበብ ቀሚሱን ወደ ላይ ዘርግተው አያችሁ ወይ አሉ። የሙሽራዋ ወገን እንደ ወጉ አላየንም አለ። ጥላው ተከፈተ፤ ይህ ጥላ ከዝናቡ ጋር ዘመድ ነው፣ ያስገባዋል አሉ። ጫማው ታየ፤ አንዱ ብቻ ነው የሚታየን፣ ሁለተኛው ሙሽራው እግር ላይ ቀርቷል ወይ አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ቀለበቱ ወጣ። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ።

ወይዘሮ የሺወርቅ መነጽራቸውን አድርገው ቀለበቱን ወደ በሩ ይዘው ሄዱ። ፀሐይዋ ፈርጡ ውስጥ ገባችና ጉንጫቸው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቢጫ ብርሃን ጣለች። የኮሰተረ ፊታቸው ሲፈታ ሁሉም አየ። እመቤቲቱ ጣት ላይ ያዩት ራሱ መሆኑን ለራሳቸው እንደሚነግሩ ሆነው ተናገሩ። ዘወር አሉና እውነተኛ አልማዝ መሆኑን ጠየቁ። ካሳሁን ጫማውን ያይ ጀመር። አቶ ዓባይነህ ድንጋይ እንግዲህ የእግዚአብሔር ሥራ መሆኑን፣ የእግዚአብሔር ሥራም ስፍር ቁጥር እንደሌለው ማስረዳት ጀመሩ። ወይዘሮዋ አላስጨረሷቸውም።

“ሰሪዋ ትናገር።”

ተረፈች ተነሳች። የካሳሁን ዓይን ሲለምናት ይታያታል።

“አልማዝ አይደለም፣ እትዬ የሺወርቅ። እስከ ሐሙስ ጠዋት ድረስ ወይን ጠጅ ነበር።”

ቤቱ ተንጫጫ። ወይዘሮዋ ቀለበቱን ትሪው ላይ መልሰው አስቀመጡትና ጥሎሹ ይነሳ አሉ። የሙሽራው ሽማግሌዎች ጥላውን መዝጋት ጀመሩ። ከጓዳ በኩል የአንዲት ልጅ ሲቃ ተሰማ። ካሳሁን ከመቀመጫው አልተነሳም።

በዚህ መሃል ኦቦ ቦጂያ በትራቸውን ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ መቱ።

“ቆይ ቆይ። ኢንተላ ኮ፣ አንቺ ልጅ፣ ወይን ጠጅ ነበር ያልሽው ምኑን ነው?”

ተረፈች የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ጭቃውን፣ ረመጡን፣ የዳኜን ጆሮ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልሳ ዓመት እሳት ሲሞቁ ኖረዋል፤ እሳት ድንጋይ ሲያጠቁር እንጂ ሲያበራ አላዩም። ከሙሽራው ወገን አንዱ አዛውንት እሱም እንደማያምን ተናገረ። እስካሁን ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። ተረፈች የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ሁለት የወይን ጠጅ ቁርጥራጮች ቋጥራ መጥታ ነበር።

ግቢው ውስጥ ለእንግዳ ወጥ የሚሠራበት እሳት አለ። ገል መጣ፣ አመድ መጣ። ቁርጥራጮቹን ሁሉም አገላብጦ ካየ በኋላ ቀበረቻቸውና ፍሙን ከዳር ጀምራ ጥቂት በጥቂት አስጠጋች። ጊዜ እንደሚፈጅ ነገረቻቸው፤ ከቸኮሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥሎሹን ተሸክሞ ሊሄድ የነበረው ሰው ሁሉ እሳቱን ከቦ ተቀመጠ። ማን ይሄዳል? ባዶ አፍ አይጠበቅምና እንጀራ ቀረበ። አቶ ዓባይነህና ኦቦ ቦጂያ ድንጋዩ ይለወጣል አይለወጥም በሚል አንድ በግ ተወራረዱ። ጥቂት ቆይቶ ሰው የመጣበትን ጉዳይ ረስቶ ስለ እሳት ጠባይ ይከራከር ነበር።

አጸደ በጥሎሽ ቀን ከጓዳ መውጣት አልነበረባትም። ወጣች። ዓይኗ ቀልቶ ከተረፈች አጠገብ ተንበረከከች።

“ቀለበቴ ላይ ያለው ያው የመረጥኩት ነው?”

“ራሱ ነው የኔ ልጅ። ጠርዙ ላይ ያለችውን ጭረት አላየሻትም? እኔ አልለወጥኩትም።”

ልጅቷ ሌላ አልጠየቀችም። እዚያው ተቀመጠች፤ ካሳሁን ከእሳቱ ማዶ ሆኖ ያያታል።

ፀሐይ ወደ ወጨጫ ስታዘነብል ተረፈች ገሉን ከፍሙ አራቀች። አመዱ ለብ እስኪል ጠበቀች። ሰው አንገቱን አሰገገ። በጣቷ አመዱን ገለጠች። አንዱ ቁራጭ ለሁለት ተሰንጥቋል። ሌላው ሙሉ ነው፤ ሁለቱም ግን እንደ ማለዳ ብርሃን ቢጫ ሆነዋል። ኦቦ ቦጂያ ቁራጩን መዳፋቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩትና “ዱጋ ዱባቴ” አሉ፤ እውነት ተናገረች ማለታቸው ነው። ወዲያውም በጋቸውን አስታውሰው አዘኑ።

ወይዘሮ የሺወርቅ እስካሁን ከሰዎቹ ኋላ ቆመው ነበር። መጡና የተሰነጠቀውን ቁራጭ አነሱ። በነጠላቸው ጥለት አሹት። ውሃ አስመጥተው ነከሩት። አውጥተው በነጭ ጨርቅ ጨመቁት፤ አዲስ የተገዛ ጨርቅ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ እንደሚሞክሩት አድርገው። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

“ተመልሶ ወይን ጠጅ ይሆናል?”

“አይሆንም። አንዴ ከለበሰው አያወልቀውም።”

ወይዘሮዋ ቁራጩን እያገላበጡ ቆዩ። አጸደ ተነስታ እጃቸውን ያዘች፤ ቀለበቷን እንደምትፈልገው በቀስታ ነገረቻቸው። አክስትየው ልጅቷን ሳይሆን ተረፈችን ነበር የሚያዩት።

“እመቤቲቱ አልማዝ ነው ብትለኝ አመንኳት፤ እኔ በምን አውቄ?” አሉ። “አንቺ ደግሞ አይደለም አልሽኝ፣ ሰርጉ እየፈረሰብሽ። የማን ቃል ይበልጣል? በሉ ግቡ፣ ጥሎሹን ገና አላየነውም።”

ሁሉም ተመልሶ ገባ። ጥላው እንደገና ተከፈተ፤ እንደገናም ዝናብ የሚያስገባ ጥላ ነው ተባለ። ጫማው ተተቸ። ቀለበቱ ሲነሳ አቶ ዓባይነህ አያችሁ ወይ አሉ። የሙሽራዋ ወገን እንደ ወጉ አላየንም ሊል አፉን ሲከፍት ወይዘሮ የሺወርቅ ቀድመው አየን አሉ። ካሳሁን ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል እግሩ ትሪውን መታና አንዱ ጫማ በእርግጥም ተንከባሎ አልጋ ሥር ገባ።

ሰርጉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆነ። ከአዲስ አበባ የመጡ የወይዘሮዋ ወዳጆች የሙሽራዋን እጅ እየሳቡ ቢጫ አልማዝ ነው ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር። ወይዘሮ የሺወርቅ ከእያንዳንዷ ጎን ቆመው በኩራት ይመልሱ ነበር።

“አልማዝማ ከሱቅ ይገዛል፤ ይህ በእሳት የበሰለ ነው። ሲበስል ቆሜ አይቻለሁ።”